ምጣድ ሠሪውና ምጣዱን የምታውቀው እናት

ከባምቢስ ወደ ካዛንችስ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት የዕቃ መደብሮች በአንደኛው መስኮት ፊት፣ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ ቆማ አየሁ። በመስኮቱ ውስጥ የሩዝ መቀቀያ፣ የዳቦ መጥበሻ፣ የጭማቂ መፍጫ፣ የቡና ማፍያና የልብስ ካውያ በተርታ ተደርድረዋል። ልጅቷ ጣቷን በመስታወቱ ላይ እያሳረፈች የእያንዳንዱን ስም ትጠይቃለች፤ እናትም ሳትሰለች ትመልሳለች። በመጨረሻ ልጅቷ፣

«እማዬ፣ የእንጀራውስ የታለ?» አለች።

እናት ሳቅ ብላ፣ «እሱ እዚህ የለም፤ እሱን የሚሠሩት እኛው አገር ነው» ብላ መለሰችላትና እጇን ይዛ መንገዷን ቀጠለች።

እኔ ግን ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እውነትም ከባሕር ማዶ የሚመጣው የወጥ ቤት ዕቃ በአብዛኛው ለሌላ ሕዝብ ማዕድ የታሰበ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን እንኳ እንጀራቸውን የሚጋግሩት፣ ኖርዌጃውያን «ሌፍሰ» ለሚሉት ከድንች ለሚዘጋጅ ስስ ቂጣ በተሠራ ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው። የመጋገሪያው ስፋት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ እንጀራውም በዚያው ልክ ያንሳል። ለሰው ቂጣ በተሠራ ዕቃ የራስን እንጀራ መጋገር ማለት ይኸው ነው። የእኛን እንጀራ የሚያውቅ ምጣድ መሥራት ያለብን እኛው ነን፤ ሠርተነዋልም።

ለመሆኑ ይህን የመሰለ ዕቃ ለመሥራት ከሠሪው ምን ይጠበቃል? ከእኛ ከተጠቃሚዎቹስ? የዛሬው ጽሑፋችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

የሸክላውና የሽቦው ጋብቻ

የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤታችን ስላለ ድንቅ ነገር መሆኑን ረስተነዋል። ገልብጠው ቢያዩት ከሸክላው ሥር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞረ የሚሄድ ቦይ ተቆፍሮበታል። በቦዩ ውስጥ ጥምዝምዝ ሽቦ ይነጠፋል፤ በላዩም ጀሶ ይለሰንበታል። ሽቦው ከኒኬልና ከክሮሚየም ቅልቅል የተሠራ ሲሆን፣ ቅልቅሉን አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ የብረታ ብረት ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ከዚያ በፊት የነበረው ሽቦ ሲግል ቶሎ እየተቃጠለ ይበጠስ ነበር። የዳቦ መጥበሻም ሆነ የእኛ ምጣድ እንጀራቸውን የሚበሉት በማርሽ ሽቦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሸክላው ግን የእኛ ነው። ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ምጣዱ ለመጋገር እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል መጋል አለበት፤ ሙቀቱም መሐሉም ዳሩም ላይ እኩል መሆን አለበት። መሐሉ በዝቶ ዳሩ ካነሰ እንጀራው መሐሉ አሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ሙቀቱ በአጠቃላይ ካነሰ ደግሞ ዓይን አያወጣም። ዓይን የሌለው እንጀራ በማን ፊት ይቀርባል? ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ የሚቀበል፣ ቀስ ብሎም የሚለቅ ነገር ነው። ይህ ጠባዩ ለእንጀራ ጥሩ ቢሆንም ለኤሌክትሪክ ቆጣሪ ጥሩ አይደለም፤ ምጣዱ እስኪግል ድረስ ቆጣሪው ያለ ሥራ ይዞራልና።

የተለመደው ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋትና ከዚያም በላይ ኃይል ይጠቀማል። ይህም ባለ 10 ዋት አምፑል 350 በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ኃይል ማመንጫ የመጀመሪያ አቅሙ 43 ሺህ 200 ኪሎ ዋት ነበር። ይህን ለምጣድ ብናካፍለው ከ12 ሺህ እምብዛም የማይበልጡ እናቶች በአንድ ሰዓት ቢጋግሩ ያለቀ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው መሆኑ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የወንዙ ኃይል በዛ ተብሎ በምጣድ አይባከንም፤ ሽቦውም፣ ትራንስፎርመሩም፣ የቤተሰቡም ኪስ ልክ አላቸው።

ሩዙን የፈተኑት እመቤት

ልጅቷ በመስኮቱ ውስጥ ያየችው የሩዝ መቀቀያ ራሱ ሊነገር የሚገባው ታሪክ አለው። ጃፓኖች ሩዝን በእሳት ላይ ሲቀቅሉ እናቲቱ ከንጋት በፊት ተነሥታ እሳቱን መጠበቅ ነበረባት። ብዙ መሐንዲሶች በኤሌክትሪክ የሚቀቅል ድስት ለመሥራት ቢሞክሩም ሩዙ አንድ ቀን ያርራል፣ ሌላ ቀን ጥሬ ይሆናል። ቶሺባ የተባለው ኩባንያ በመጨረሻ ሥራውን የሰጠው ዮሺታዳ ሚናሚ ለሚባሉ የአነስተኛ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ሚናሚ ሩዝ መቀቀል አያውቁም። የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ፉሚኮ ነበሩ።

ወይዘሮ ፉሚኮ የልጆች እናት ናቸው። ቤታቸውን እያስተዳደሩ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ሩዝ እየቀቀሉ ሙቀቱን በደቂቃ በደቂቃ ይመዘግቡ ጀመር። ሥራው ቀናት ሳይሆን ዓመታት ፈጀ። ባልና ሚስቱ ቤታቸውን አስይዘው እስከ መበደር ደረሱ። በመጨረሻም ውኃው ከፈላ በኋላ ሩዙ ለ20 ደቂቃ ያህል በፍላቱ ቢቆይ እንደሚበስል ተረዱ። ስለዚህ ድስቱን ድርብ አድርገው፣ በውጭኛው ድስት ውስጥ በ20 ደቂቃ ተንኖ የሚያልቅ ውኃ እንዲጨመር አደረጉ። ውኃው ሲያልቅ ሙቀቱ ድንገት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ በሙቀት የምትታጠፍ ትንሽ ብረት ኤሌክትሪኩን ታጠፋዋለች። ድስቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ለገበያ ቀረበ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የጃፓንን ወጥ ቤት ለወጠ። ወይዘሮ ፉሚኮ ግን ጤናቸው ታውኮ ስለነበር ዕቃው ገበያ ከወጣ በኋላ ብዙ ዓመታት ሳይቆዩ ዐረፉ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለጃፓን ምስጋና ለማቅረብ ብቻ አይደለም። የቤት ዕቃ ፈጠራ መፍትሔውን ያገኘው ሩዙን በምታውቀው ሴት እጅ መሆኑን ለማሳየት ነው። መሐንዲሱ ስለ ብረቱ ቢያውቅም ስለ ሩዙ አያውቅም ነበር፤ አላውቅም ብሎ ባለቤቱን መጠየቁ ነው ያዋጣው።

ስሟ ያልተጻፈው ባለሙያ

ወደ እኛ ምጣድ እንመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ የብዙ እጆች ሥራ ነው። ሸክላውን የምትሠራው ሴት አለች፤ እግሩንና ማቀፊያውን የሚበይደው ብረት ሠራተኛ አለ፤ ሽቦውን የሚያስገባው የኤሌክትሪክ ባለሙያ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ስሟ የማይነሣው ሸክላ ሠሪዋ ናት።

አፈሩን መርጣ የምትቆፍረው፣ የምትነፋው፣ የምታቦካው፣ ጠርዙን በእጇ እያለሰለሰች የምታስተካክለው፣ አድርቃም የምትተኩሰው እርሷ ናት። በአፈሩ ውስጥ አንዲት ጠጠር ብትቀር ምጣዱ በእሳት ላይ ይሰነጠቃል። ውፍረቱ ከአንዱ ወገን ቢበዛ ሙቀቱ አይስተካከልም። ይህን ሁሉ የምትለካው በመዳፏ ነው። ይህም ሆኖ ሸክላ ሠሪ በአገራችን ለብዙ ዘመን ስትናቅ፣ ክፉ ስም ሲሰጣትና ከጎረቤት ስትገለል መኖሯ አሳፋሪ ታሪካችን ነው። እጇ በሠራው ምጣድ ላይ እየጋገርን እጇን መጸየፋችን ምን ይባላል? የፈጠራ ባለሙያ ሲባል ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ብቻ በዓይናችን የሚመጣ ከሆነ፣ ምጣዱን ከሥሩ ገልብጠን ማየት ያሻናል።

ምርጥና ላቀች

በአገራችን በ1980ዎቹ ውስጥ ሁለት የታወቁ ምድጃዎች ለሕዝብ ቀርበዋል። አንደኛዋ «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃ ስትሆን፣ በኬንያ ከተስፋፋውና ከውስጥ ሸክላ ከውጭ ቆርቆሮ ከሆነው ምድጃ የተወሰደች ናት። የኬንያው ምድጃ ራሱ ከታይላንድ ምድጃ የተቀዳ ነው። ሁለተኛው «ምርጥ» ሲሆን ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን አቅፎ እሳቱን የሚከልል የእንጀራ ምድጃ ነው። ከኋላው በሚወጣው ሙቀት ድስት ማሞቅ ይቻላል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ማገዶ በግማሽ ቀነሰ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የእንጦጦን ቁልቁለት በጀርባዋ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የወረደች ሴት ታውቀዋለች። ጭሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በዓለም 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ጭስ የሚተነፍሱ ሕፃናት እነዚህ ናቸው።

ከሁለቱ ምድጃዎች የምንማረው ግልጽ ነው። «ምርጥ» የለመድነውን ምጣድ እንዳለ ተቀበለ፤ ሴቲቱን እንጀራሽን ለውጪ አላላትም። የአካባቢ ሠራተኛ በቅርጽ ማውጫ እያወጣ ሊሸጠው የሚችል ነው። ሠሪው ወጥ ቤት ገብቶ ያየ ይመስላል።

ከግቢው ወደ አራተኛ ፎቅ

ዛሬ ደግሞ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ባምቢስም በግሪካዊ ነጋዴ መደብር ስም ነው የሚጠራው። በእነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ለብዙ ዘመን ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ተሰብስበው ሲኖሩ፣ ከግቢው ጥግ ያለችው ማድ ቤት የሁሉም ነበረች። እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ስትጋግር የጎረቤታችን ተራ ዓርብ ነበር። የአንዷ ሊጥ ካልኮመጠጠ ከሌላዋ እርሾ ትወስዳለች፤ ልጅ ቢያለቅስ አንዷ ትይዛለች፣ ሌላዋ ታወጣለች።

በ2017 ዓ.ም. መባቻ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከካዛንችስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው፣ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ አንዷ ናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት አግኝታለች፤ በዚህ ደስ ብሏታል። ምጣዷን ግን የምታስቀምጥበት አጣች። ወጥ ቤቱ ምጣዱን ከያዘ እርሷን አይዝም። እንፋሎቱ መስኮቱን አልፎ መኝታ ቤት ይገባል። ምጣዱን ስትሰካ ማጥፊያው ይወርዳል፤ ማቀዝቀዣው አብሮ ይጠፋል።

«አንቺዬ፣» አለችኝ፣ «እዚያ ጭስ ነበረ፣ ሰው ግን ነበረ። እዚህ ጭሱም ሰውም የለም። አሁን እንጀራ ከሱቅ እየገዛሁ ነው።»

የእንጀራ ግዢው ለአንዲት ደመወዝተኛ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባብያን መናገር አያስፈልገኝም። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሲታነጹ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለጋገራ የሚሆን የጋራ ቤት በግቢው እንዲኖር መታሰቡ ብልህነት ነበር። እንዲህ ያሉት ቤቶች ባሉበት ቦታ ለዓላማቸው ቢውሉ፣ ተራ ወጥቶላቸውም ቢጋገርባቸው፣ የድሮው ማድ ቤት ወዳጅነት ባልጠፋ ነበር።

ምጣድ ሠሪውም እንግዲህ ይህችን ሴት ሊያስባት ይገባል። የምትፈልገው ያነሰ ኃይል የሚወስድ፣ ቶሎ የሚግል፣ ከጋገረች በኋላ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም፣ ልጅ ቢነካው የማያቃጥል ምጣድ ነው። የእንጀራው ዓይንም እንዳለ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ ዕቃ ላይ መጠየቁ ከባድ ነው። ሸክላው ቢሳሳ ቶሎ ይግላል፤ ነገር ግን ቶሎ ይሰበራል። በብረት ቢተካ አይሰበርም፤ እንጀራው ግን ይጣበቃል ወይም ይደርቃል። ሠሪውን እንቅልፍ የሚያሳጣው አንዱ ሲስተካከል ሌላው የሚበላሽ መሆኑ ነው።

የደረሰብኝን ልንገራችሁ

በበኩሌ አንድ ጊዜ በርካሽ ዋጋ ምጣድ ገዛሁ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ በበዓል ዋዜማ፣ ሊጡ አብሲት ተጥሎለት ገንፍሎ ሳለ፣ ምጣዱ ፍጥጥ ብሎ ቀረ። ታናሽ እህቴ ምን እንደሆነ ለማየት ማቀፊያውን ስትነካ ኤሌክትሪክ ያዛትና ወደ ኋላ ጣላት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከመደንገጥ በቀር አልተጎዳችም። በማግስቱ የመጣው ጠጋኝ ገልብጦ አየውና፣ «እህቴ፣ ሽቦው ቀጭን ነው፤ የመሬት ሽቦም አላሰሩለትም። ዋጋውን የቀነሱልሽ ከዚህ ላይ ነው» አለኝ።

ንግግሩን አልረሳውም። ገዢ ዋጋ ሲከራከር ሠሪው ከማይታይ ቦታ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥፋቱ የሠሪው ብቻ አልነበረም፤ ገልብጬ ሳላይ፣ ሳልጠይቅ የገዛሁት እኔም አለሁበት።

ሠሪው ምን ያገኛል?

አንድ ወጣት የተሻለ ምጣድ ለመሥራት ቢነሣ መጀመሪያ የሚያጣው ገንዘብ ነው፤ ቀጥሎ ጊዜ። ሃያ ምጣድ ሰብሮ ሃያ አንደኛው ቢሳካለት፣ በሳምንቱ ጎረቤቱ ገልብጦ አይቶ ያንኑ ይሠራዋል። ለዚህ ሲባል በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 123 ወጥቶ ነበር። በዚህ አዋጅ ለፈጠራ የ15 ዓመት መብት፣ ለአነስተኛ ፈጠራ ደግሞ ሊታደስ የሚችል የ5 ዓመት መብት ተደንግጓል። አነስተኛ ፈጠራ ሲባል ታላቅ ምርምር የማያሻው፣ ነገር ግን አዲስና ጠቃሚ የሆነ ማሻሻያ ማለት ነው። የምጣድ እግር፣ የአክንባሎ መክደኛ፣ የሽቦ አዘረጋግ በዚህ ሊገቡ ይችላሉ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ይህን የሚያስፈጽም የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ተቋቁሟል። እጅ ያላቸው ልጆቻችን ሥራቸውን ለገበያ ከማውጣታቸው በፊት ማስመዝገብ እንደሚገባቸው ቢያውቁ መልካም ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን

የተሻለው ምጣድ እስኪመጣ ድረስ ያለውን በዘዴ መያዝ ይገባል። ሊጡ ሳይደርስ፣ ማሰሻው፣ ሰፌዱና አክንባሎው ሳይቀርቡ ምጣዱን አለማብራት ነው። በየቀኑ ሁለት ሦስት ከመጋገር ለሳምንቱ በአንድ ጊዜ መጋገር ምጣዱን ደጋግሞ ከማጋል ያድናል። የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ቢያጠፉት በሸክላው ውስጥ የቀረው ሙቀት ይጋግራቸዋል። አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር ደኅና አድርጎ ማሟሸት እንጂ በውኃ ማጠብ አይገባም።

ከሁሉ በላይ ግን ምጣድ ከአምፑልና ከሬዲዮ ጋር በአንድ ሶኬት አይሰካም። በባለሙያ የተዘረጋ ራሱን የቻለ መስመር፣ የመሬት ሽቦና ልኩ የሆነ ማጥፊያ ያሻዋል። ሲገዙም ገልብጠው ይዩ፤ ጀሶው ሽቦውን በደንብ ሸፍኖታል ወይ፣ የመሬት ሽቦ ታስሮለታል ወይ፣ እግሩ አይነቃነቅም ወይ ብለው ይጠይቁ። ሲበላሽም ለጠጋኙ ብቻ ሳይሆን ለሠሪው ይንገሩ። ወይዘሮ ፉሚኮ በማስታወሻ ይመዘግቡት የነበረውን እኛ በአፋችን ብንነግረው ለሠሪው ትምህርት ይሆነዋል።

የምጣድ ሠሪ ዳኛው እናት ናት። ዳኛ ግን ፈርዶ ዝም አይልም፤ የፈረደበትን ምክንያት ይናገራል። እኛ ግን የከፋ ምጣድ ሲገጥመን ዕድላችንን እንረግምና ሌላ እንገዛለን፤ ሠሪውም ምን እንደጎደለው ሳያውቅ ያንኑ ይደግማል።

ያቺ ትንሽ ልጅ አድጋ አንድ ቀን በባምቢስ መንገድ ስታልፍ የእንጀራውን ምጣድ በመስኮቱ ውስጥ ብታየው ደስ ይለኝ ነበር። ከዚህም ይበልጥ ደስ የሚለኝ ግን የሠራችው እርሷ ራሷ ብትሆን ነው። ለዚህም ዛሬ እናቷ ስትጋግር አጠገቧ ትቁም፤ ምጣዱ ሲቀዘቅዝም ገልብጣ እንድታየው ይፈቀድላት።